ቅዳሜ እመጣለሁ ካላችሁ

ልጆቼ፣

ዘንድሮ በጅማ ችግረኛ ልጆችን ለማስጠናትና ለመከታተል ስትመዘገቡ ምክር እንድጽፍላችሁ ጠይቃችሁኛል። 31 ዓመት በነርስነት አገልግያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው ከሊስትሮ ልጆች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው ከሚሠሩ ልጃገረዶችና ወላጅ ከሌላቸው ተማሪዎች ጋር ነው። ከምክሩ በፊት ግን አንድ ልጅ ላይ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ የምላችሁ ነገር ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ነውና።

ያኔ ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ እሠራ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ጫማ የሚጠርግ፣ ከዳውሮ የመጣ ልጅ ነበር፤ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ ቀን ጫማዬን ሲጨርስ ቀለሙ የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ አሳየኝና “ሲስተር፣ ይሄ ምን ይላል?” አለኝ። አነበብኩለት። ዓይኑ ከጣቴ ላይ አልተነሳም። “ቅዳሜ እመጣለሁ፤ አስተምርሃለሁ” አልኩት።

መጣሁ። እዚያው ሻይ የምትሸጥ ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ሰባት ቅዳሜ ተቀመጥን። ከ“ሀ” ተነስተን “ቀ” ላይ ደረስን። ከዚያ ፈረቃዬ ተቀየረና አንድ ቅዳሜ ቀረሁ፣ ቀጥሎም ሌላ። በዚያው ሰሞን ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርኩ፤ ዕቃ ስሸክፍ፣ ቤት ሳስረክብ፣ ሳልነግረው ሄድኩ። ልጅ ነው፣ ይረሳኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስመለስ ሻይ ሻጯን አገኘኋት። “ያ ልጅ እኮ ደብተሩን ይዞ ይመጣ ነበር” አለችኝ። “ከእኔ ጀሪካን ውሃ ለምኖ ፊቱን ታጥቦ ነው የሚቀመጠው። ስንት ቅዳሜ!” የት ሄደ አልኳት። ከአንድ የጭነት መኪና ረዳት ጋር ሄደ ይላሉ አለችኝ። ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። ፊቱን ታጥቦ መጠበቁን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጉዳዩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው፤ ያስረዳኝም የራሴ ሙያ ነው። ቲቢ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት መድኃኒቱ 6 ወር እንደሚወሰድ ለበሽተኛ ስናስረዳ ከሁሉ በላይ የምንፈራው ማቋረጥን ነበር። ሰውየው ሁለት ወር ወስዶ ሻል ሲለው ይተወዋል፤ ተህዋሲው ግን መድኃኒቱን ተላምዶ ይነሳል፣ ሁለተኛው ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል። ልጆቹም እንዲሁ ናቸው። በሰው ተስፋ አድርጎ የተተወ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው አያምንም። እናንተ ሳትሆኑ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ነው ዕዳውን የሚከፍለው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት እንዲሆንላቸው በጎ ፈቃደኛ የተመደበላቸውን ልጆች ተከታትለዋል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ አብረው የቆዩት ከሁሉ የበለጠ ተጠቀሙ። 3 ወር ሳይሞላ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ግምትና በትምህርት እችላለሁ የሚለው እምነታቸው ቀንሶ ተገኘ። አገሩ ሌላ፣ ኑሮው ሌላ ነው፤ እኔ ግን ሳነበው የታየኝ ያ አግዳሚ ወንበር ነበር።

እንግዲህ የእኛን የክረምት በጎ ፈቃድ አስቡት። ሐምሌ ይጀመራል፣ መስከረም ሳይጠባ ወይም እንደጠባ ያልቃል። ሁለት ወር ከምናምን! የአዛውንት ቤት ጣሪያ ለማደስ ይበቃል፤ ችግኝ ለመትከልም ይበቃል። ልጅን ለመቅረብ ግን ይህ ጊዜ ጀምሮ ለማቋረጥ ነው የሚበቃው። የማጠናከሪያ ትምህርቱን አትተዉ፤ ብዙ ልጆች ተጠቅመውበታል። በቡድን አስተምራችሁ የምትለያዩ ከሆነ “አስተማሪያችሁ ነኝ፤ ትምህርቱ የሚያልቀው በዚህ ቀን ነው” በሏቸው። ታላቅ ወንድምህ ነኝ፣ እህትሽ ነኝ ያላችሁ ቀን ግን የገባችሁት የዓመት ቃል መሆኑን እወቁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። አንድ ልጅ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቢያንስ አንድ ዓመት። አምስት ልጅ እይዛለሁ የሚል ወጣት ሲመጣ ልቤ ይፈራል። መቅረት ግድ ከሆነባችሁ ከቀኑ በፊት ተናገሩ፤ ስልክ የሌለው ልጅ ከሆነ በጎረቤቱ ሱቅ መልእክት አስቀምጡለት። ጅማ እንደምታውቋት ናት፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናብ አያጣትም። ዝናብ ስለዘነበ ብቻ መቅረት ከጀመራችሁ የዓመቱን ግማሽ ትቀራላችሁ። ጃንጥላ ያዙ።

አብዛኞቻችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናችሁ። እኔ የተማርኩት ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም ሳይመሠረት በፊት፣ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሳለ ነው። ያኔም እንደ ዛሬው ትምህርቱ ኅብረተሰብ ውስጥ ገብቶ መማርን ያዝዝ ስለነበር ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርን ሽንት ቤት እንቆጥር፣ የክትባት ካርድ እንጠይቅ ነበር። አንዲት እናት በር ላይ ቆመው “ባለፈው ዓመትም መጥተው ቆጥረውናል” አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ድካም ነው ያየሁባቸው። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ የሚመጣበት ከተማ ሕዝብ ደጉ ብዙ ነው፤ መጥቶ የሚሄድን ሰው መልመዱ ግን ልቡን ቆጣቢ አድርጎታል። ልጆቹም የዚያ ሕዝብ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ዝም ቢሏችሁ፣ ቀጠሮ ቢቀሩባችሁ፣ ቢዋሿችሁ አትቀየሙ፤ ትቆዩ እንደሆን እየፈተኗችሁ ነው። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። እዚህ የምታገኙት ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ዳውርኛ፣ ከፍኛ ወይም የምኛ ሊናገር ይችላል፤ አማርኛውን የለመደው ገበያ ውስጥ ይሆናል። አማርኛው ስለተሰባበረ አእምሮው ዘገምተኛ የሚመስለው ወጣት አይቻለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ስህተት የለም። ሰላምታውን በቋንቋው ተማሩ። “አካም ጅርታ” ብላችሁ ስትጀምሩ ልጁ ይስቅባችኋል፣ ያርማችኋል። ያን ቀን አስተማሪው እሱ ነው፤ ይህ ለልጁ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ በቃል አልችልበትም።

ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ልጆቻችሁ ይጠፋሉ። አትደንግጡ፤ ቡና ደርሷል ማለት ነው። ወደ ማና፣ ወደ ጎማ፣ ወደ ሊሙ ቀይ ቡና ለመልቀም ይሄዳሉ፤ በለቀሙት ኪሎ ነው የሚከፈላቸው። የደብተር፣ የዩኒፎርም፣ አንዳንዴም የታናናሾቻቸው የቀለብ ገንዘብ ከዚያ ይመጣል። “ትምህርትህን ትተህ ለምን ሄድክ?” ብሎ መቆጣት ቀላል ነው። የሚሻለው ከመሄዱ በፊት የሚመለስበትን ቀን መነጋገር፣ ያለፈውን ትምህርት ከክፍል ጓደኛው ደብተር መገልበጥና ሲመለስ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ተቀምጦ መገኘት ነው። ብዙ ልጅ ትምህርት ያቆመው ቡና ለመልቀም ስለሄደ አይደለም፤ ሲመለስ የጠበቀው ሰው ስላልነበረ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ በእጅ አትስጡ። አንዴ ከሰጣችሁ ልጁ እናንተን ሲያይ ኪሳችሁን ያያል፤ ሳይወድ። ደብተር ካስፈለገው አብራችሁ ሂዱና ግዙ። ፎቶም እንዲሁ። አንድ ድርጅት ልጆችን አሰልፎ፣ አንድ አንድ ደብተር በእጃቸው አስይዞ ፎቶ ሲያነሳ ቆሜ አይቻለሁ። አንዲት ልጅ ፊቷን በደብተሩ ሸፈነች፤ ደብተሩን ዝቅ አድርጊ ተባለች። ያን ዕለት ዝም ማለቴ ይቆጨኛል። እናንተ ዝም አትበሉ።

በሰው ቤት የሚሠሩት ልጃገረዶች ነገር ከሁሉ ይከብዳል። የሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይፈቅድም። የቤት ሠራተኛን ቅጥር ግን ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲገዛ ከራሱ ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ እኩለ ሌሊት የምትተኛ የ14 ዓመት ልጅ ሰዓቷን የሚቆጥርላት የለም። አንዲት በጎ ፈቃደኛ የማታ ትምህርት የተመዘገበች እንዲህ ያለች ልጅ ይዛ ነበር። አሠሪዋ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ አትለቃትም። ወጣቷ ተናዳ ሄዳ ልትከራከር ስትል “ቆይ፣ አብረን እንሂድ” አልኳት። አንድ እሑድ ሄድን፤ ቡና ተፈላ። አቦሉን ስለ ኑሮ አወራን፣ ቶናውን ስለ ሴትየዋ ልጆች ትምህርት አወራን። በበረካው ላይ ሴትየዋ ራሷ “ይቺም ልጅ እኮ ጎበዝ ናት” አለች። ከዚያ በኋላ ልጅቷ በሳምንት አራት ቀን ትምህርት ቤት ሄደች። ሴትየዋን ክፉ አድርገን ብንገባባት በሩ ይዘጋ ነበር፤ የሚዘጋውም በልጅቷ ላይ ነው።

ይህ ግን ወሰን አለው። ልጅ እየተደበደበ ወይም እየተደፈረ መሆኑን ካወቃችሁ ነገሩ ቡና ላይ የሚፈታ አይደለም። ለአስተባባሪያችሁ ተናገሩ፤ ወደ ፖሊስና ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን ሂዱ። “ለማንም አልናገርም” ብላችሁ ለልጅ ቃል አትግቡ፤ የማትጠብቁት ቃል ነው። እናንተም ብትሆኑ ልጅን ብቻውን ወደ ማደሪያችሁ አትውሰዱ፤ ሰው በሚያያችሁ ቦታ ተገናኙ፣ አሳዳጊው ማን እንደሆናችሁ ይወቅ። ይህን ስላችሁ ተጠራጥሬያችሁ አይደለም። ልጆቹን የሚያጠቃ ሰው የሚገባው እናንተ በምትገቡበት በር ስለሆነ ነው፤ በሩ ለሁሉም እኩል መጠበቅ አለበት።

ውጤትን የሥራችሁ መለኪያ አታድርጉ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ምም 5.4 በመቶ። እናትና አባት፣ መብራትና መጽሐፍ ያለው ልጅ የወደቀበትን ፈተና የእናንተ ልጅ ባያልፍ እናንተም እሱም አልወደቃችሁም። ኤሚ ወርነር የተባለች ተመራማሪ በሃዋይ ካዋይ ደሴት በ1955 (እ.ኤ.አ.) የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ ጉልምስናቸው ተከታትላ ነበር። በድህነትና በቤተሰብ ችግር ተከበው ካደጉት ሲሶ ያህሉ ሥራ ወዳድ፣ ሰው ወዳድ ሆነው አደጉ። እነዚህ ልጆች ከነበሯቸው ነገሮች አንዱ የሚቀበላቸውና የማይለወጥባቸው አንድ ትልቅ ሰው ነበር፤ አያት፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት። ሰውየው የግድ የተማረ ወይም ሀብታም አልነበረም።

አሁን የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። “ሲስተር፣ እኛ እንመረቃለን፤ መሄዳችን አይቀርም” ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። እንግዲያው አካሄዱን ተማሩ። አምና ከጎጃም የመጣ የግብርና ተማሪ ነበር፤ የያዘው ልጅ የጅማን በርጩማ ከሚሠሩ አናጢዎች ዘንድ ሙያ የሚለማመድ የ15 ዓመት ልጅ ነው። ተማሪው ጥቅምት ላይ፣ ገና ሲተዋወቁ፣ “ሰኔ ላይ እሄዳለሁ” አለው። የቀን መቁጠሪያ ገዝተው ቅዳሜዎቹን አብረው አከበቡ። ግንቦት ሲገባ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነ ሌላ ልጅ ይዞ መጣ፤ ለስድስት ሳምንት ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ልጁ መጀመሪያ አዲሱን አላናገረውም። አራተኛው ሳምንት ላይ ሒሳብ ጠየቀው።

የመሄጃው ቀን ንጋት ላይ ልጁ የተማሪውን ሻንጣ ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው። እኔም ነበርኩ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ልጁ በመስኮቱ ቀና ብሎ “ትደውላለህ?” አለው። “ቅዳሜ እደውላለሁ” አለው። ልጁ አልለቀቀውም፤ “ስንት ሰዓት?” አለ። “8 ሰዓት።”

ባለፈው ቅዳሜ አናጢዎቹ ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር። ለ8 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ልጁ መጥረቢያውን አስቀመጠ፣ ከበርሜሉ ውሃ ቀድቶ ፊቱን ታጠበ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ በጨረሰው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ስልኩ ጠራ።