የጁዶ ጥያቄዎቻችሁ፦ መውደቅ፣ ጋሪ፣ ውሃና ሆድ

ሰሞኑን ከጎጃም የመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። አራቱን ላንሳ።

"ጁዶ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። አሰልጣኛችን አሁንም መውደቅ ነው የሚያለማምደን። መጣል መቼ ልንማር ነው?" (ከደብረ ማርቆስ)

አሰልጣኝህን ሳምልኝ። አወዳደቁ ኡኬሚ ይባላል። ጭንቅላትህ ምንጣፉን እንዳይመታ አገጭህን ወደ ደረትህ ትሰበስባለህ፤ ክንድህን ዘርግተህ ምንጣፉን ጧ ታደርገዋለህ። በእጄ ልደገፍ ካልክ ግን አንጓህ ወይም ክርንህ ይሄዳል። ደግሞ መውደቅ የሚፈራ ልጅ ወገቡን አጥፎ፣ ክንዱን ገትሮ ነው የሚቆመው። እንዲህ የቆመ ሰው መጣልም አይሆንለትም፤ ለመጣል ልጠጋ ሲል መልሰው እንዳይጥሉት ይሰጋላ።

"ከብት ስጠብቅ በትግል የሚችለኝ አልነበረም። እዚህ ግን በኪሎ የሚያንሰኝ ልጅ እያነሳ ይጥለኛል። ምን ነካኝ?" (ከዳንግላ)

ጉልበትህ የትም አልሄደም፤ ልጁ እየተበደረህ ነው። ስትገፋው ይስብሃል፣ ስትስበው ይገፋሃል። ይህ ሚዛን ማሳት ኩዙሺ ይባላል። ክብደትህ አንድ እግር ላይ ሲያርፍ እሱኑ በእግሩ ከኋላ ያጭድልሃል፤ ኦሶቶ ጋሪ ማለት ይኸው ነው። (ዳንግላ ላይ ጋሪ ፈረስ የሚጎትተው ነው፤ በጃፓንኛ ግን ማጨድ ነው።) አንተም ሳትጥል መግባትን፣ ማለትም ለመጣል መጠጋትን ብቻ ደጋግም። የእረኝነቱን እግር መያዝ ግን እርሳው፤ በዓለም አቀፍ ውድድር ቆሞ ሲታገሉ እግርን በእጅ መያዝ ያስቀጣል።

"ልጄ ጾም ላይ ናት። 57 ኪሎ ልግባ ብላ ውሃም ትታለች።" (እናት፣ ከሞጣ)

እናቴ፣ ጾሙ አያስጨንቅዎ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ በሶው አለ። ከባዱን ልምምድ ወደ መፈሰኪያዋ ሰዓት ታስጠጋው። ውሃውን ግን ዛሬውኑ ትጠጣ! ውሃ መተው የሚቀንሰው ስብ አይደለም፤ ራሷን ያዞራታል፣ ልቧን ያደክማል። ከ57 ኪሎ ምድብ ቀጥሎ የ63 ምድብ አለ። በማደግ ላይ ያለች ልጅ እዚያ ብትገባ ምን ቸገራት?

"ገና 20 ሰከንድ ሳይሞላ ተሸነፍኩ። አሁን ነጩን ልብስ ሳይ ሆዴ ይገላበጣል።" (ከቡሬ)

ጨዋታው 4 ደቂቃ ነው ቢባልም አንድ ኢፖን (ሙሉ ነጥብ) ይዘጋዋል። ይህ ያልደረሰበት ጁዶኛ አላውቅም። ጃፓናዊው ጁዶኛ ያማሺታ እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የቀኝ ባቱ ተጎድቶ እያነከሰ ነው ለፍጻሜ የቀረበው። ግብፃዊውን ሞሐመድ ራሽዋንን መሬት ላይ ይዞ አሸነፈ። እግሩ እምቢ ሲለው በሚሆንለት ገባ ማለት ነው። አንተን የከዳህ የጨዋታው መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ጓደኛህ ገና "ሃጂሜ!" (ጀምሩ!) ሲባል በኃይል ይምጣብህ። ያንተ ሥራ ልብሱን መያዝና 30 ሰከንድ ሳትወድቅ መቆየት ብቻ ይሁን። ለመጣል አትሞክር። በየልምምዱ አምስት ጊዜ፣ ለአንድ ወር።

ልብሱንም እጠበው። ከውድድሩ ወዲህ ከቦርሳ ካልወጣ ሆድህን የገለበጠው ሽታው ሊሆን ይችላል።