የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በአሜሪካ ጠመንጃ መብት ነው ወይስ ፈቃድ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ትንሽ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ። ሱቁን የምዘጋው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ወደ ቤቴ ስነዳም የወግ አጥባቂዎችን የሬዲዮ ውይይት እሰማለሁ። ስለ ጦር መሣሪያ ሲናገሩ ስለ ሃይማኖታቸው የሚናገሩ ያህል ይመስሉኛል። ኮሌጅ ያለችው ልጄ ደግሞ «ይህ ሁሉ የጠመንጃ ሻጮች ገንዘብ ያመጣው ነው» ትለኛለች። እኔ ጎጃም ውስጥ ነው ያደግሁት። የአባቴ ምንሽር ከቤታችን ምሰሶ ላይ ይሰቀል ነበር፤ እሳቸው ሲያርፉ ታላቅ ወንድሜ ወረሰው። ስለዚህ ጠመንጃ ለዓይኔ እንግዳ አይደለም፤ እዚህ «መብት» የሚሉት ነገር ግን አልገባኝም። ሌላው ጥያቄዬ ስለ ራሴ ነው። ያለኝ ግሪን ካርድ ነው፤ ለሱቄ ሽጉጥ ብገዛ ይፈቀድልኛል ወይ?
ስሜ ይቆይ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ከአባትዎ ምንሽር ልነሳ፤ የሁለቱ አገሮች ልዩነት እዚያው ምሰሶው ላይ ይታያልና። በእኛ አገር ጠመንጃ የክብር ዕቃ ነው፤ ይወረሳል፣ ይፎከርበታል፣ በሠርግም በለቅሶም ይተኮሳል። ይሁን እንጂ ባለቤቱ በመንግሥት ፊት ባለ ፈቃድ እንጂ ባለ መብት ሆኖ አያውቅም፤ መንግሥት ሲሻው ያስመዘግበዋል፣ ሲሻው ያስፈታዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ም የቆመው በዚሁ የፈቃድ ሐሳብ ላይ ነው።

አሜሪካኖች ነገሩን ገልብጠው ጻፉት። ታኅሣሥ 15 ቀን 1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝኛው 27 ቃላት ብቻ ሲሆን፣ ይዘቱም በሚገባ የተደራጀ ሚሊሻ ለነፃ መንግሥት ደኅንነት አስፈላጊ በመሆኑ የሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብት አይጣስም የሚል ነው። የዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ሚሊሻን፣ ግማሹ ሕዝብን ስለሚጠራ፣ መብቱ የታጠቀው ጓድ ነው ወይስ የእያንዳንዱ ሰው የሚለው ክርክር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆየ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለክርክሩ መልስ የሰጠው በ2008 ነው። ከሳሹ ዲክ ሄለር በዋሽንግተን ዲሲ የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። ቀን የፌዴራል ሕንፃ ሲጠብቁ ሽጉጥ ይታጠቃሉ፤ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ግን የከተማው የ1976 ሕግ ያንኑ ዓይነት ሽጉጥ ለራሳቸው መጠበቂያ እንዳያስቀምጡ ይከለክላቸዋል። ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ፈረደላቸው። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ መብቱ የግለሰብ መሆኑን አረጋግጠው፣ በዚያው ጽሑፍ ግን በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸውንና የአእምሮ ሕመምተኞችን የሚመለከቱ ክልከላዎች፣ እንዲሁም መሣሪያ ይዞ ትምህርት ቤትና የመንግሥት ሕንፃ መግባትን የሚያግዱ ሕጎች በዚህ ውሳኔ እንደማይነኩ አስፍረዋል። በሌሊት የሚሰሙት ሬዲዮ ይህን ሁለተኛውን ክፍል ብዙ ጊዜ አያነሣውም።

የወግ አጥባቂዎቹ ክርክር ጠንካራው ጎን፣ እንደ እኔ ግምት፣ ስለ አምባገነን መንግሥት የሚሉት አይደለም። ጠንካራው ጎን ጥያቄው «ማን ነው ፈቃጁ?» የሚል ሲሆን ነው። ኦቲስ ማክዶናልድን ይመልከቱ። ከሉዊዚያና ድሃ የእርሻ ቤተሰብ ወጥተው በወጣትነታቸው ቺካጎ የገቡ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ሰፈራቸው በወሮበሎች እጅ ወደቀ፣ ቤታቸውም ደጋግሞ ተሰበረ። ረጅም ጠመንጃ ነበራቸው፤ ለአዛውንት እጅ የሚቀለውን ሽጉጥ ግን የከተማው የ1982 ሕግ ከለከላቸው። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለእሳቸው ሲፈርድ፣ መብቱ ክፍለ ግዛቶችንና ከተሞችንም እንደሚያስገድድ ወሰነ። በዚያ ክርክር ላይ የታሪክ ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በደቡብ የወጡት ሕጎች ነበሩ፤ ነፃ የወጡ ጥቁሮች መሣሪያ እንዳይዙ የሚከለክሉ፣ በቤታቸውም እየገቡ የሚያስፈቱ ሕጎች። ከዚያም በፊት፣ በ1857 ባሪያው ድሬድ ስኮት ነፃነቱን በጠየቀበት ጉዳይ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ሮጀር ቴኒ ጥቁሮች እንደ ዜጋ ቢቆጠሩ በሄዱበት ሁሉ መሣሪያ የመያዝ መብት ይኖራቸዋል ብለው እንደ አደጋ ጽፈውት ነበር።

ኒው ዮርክ ከመቶ ዓመት በላይ በቆየ ሕጓ ሽጉጥ ከቤት ውጭ ለመታጠቅ የፈለገ ሰው ከሌላው የተለየ በቂ ምክንያት እንዳለው ለባለሥልጣን ማስረዳት ነበረበት። በቂ ነው አይደለም የሚለው በባለሥልጣኑ እጅ ነበር። እርስዎም እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ቆመን፣ ማስረጃችን ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ «ነገ ተመለስ» የተባልን ሰዎች ነን፤ ነገ ደግሞ ኃላፊው የሉም። ባለ ዘመድ ግን በዚያው ቀን በጓሮ በር ገብቶ አስፈርሞ ይወጣል። በ2022 ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በጻፉትና በስድስት ለሦስት ድምፅ በተላለፈው ውሳኔ ይህ ሕግ የተሻረበት ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ሌላ ሕገ መንግሥታዊ መብት ለመጠቀም የተለየ ችግር እንዳለው ለባለሥልጣን የሚያስረዳ ሰው የለም። ይህን ክርክር እኔ እቀበለዋለሁ። ፈተናው፣ የጣት አሻራው፣ ሥልጠናው ይኑር፤ ነገር ግን መስፈርቱን ያሟላ ሰው በአንድ ባለሥልጣን አድልዎ አይከልከል።

ልጅዎም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ብሔራዊው የጠመንጃ ማኅበር በ1871 ሲመሠረት ዓላማው የተኩስ ሥልጠና ነበር፤ ወደ ፖለቲካ ያዘነበለው አባላቱ በ1977 ሲንሲናቲ ላይ አመራሩን ገልብጠው ነው። በኋለኛው ዘመን ገንዘቡ በርክቶለት ነበር፤ በ2024 መጀመሪያ ላይም ከተራ ዜጎች የተውጣጣው የኒው ዮርክ ፍርድ ሸንጎ (ጁሪ) የረጅም ጊዜ መሪው ዌይን ላፒየር የማኅበሩን ገንዘብ ለግል ጥቅም በማዋል ተጠያቂ ናቸው ብሏል። ያ ገንዘብ ከአባላት መዋጮ የተሰበሰበ ስለነበር ነገሩ በጣም ያሳዝናል። ነገር ግን ጥር 20 ቀን 2020 የመሣሪያ ቁጥጥር ሕጎችን ለመቃወም በዚያ ብርድ ወደ ቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ የመጡትን 22,000 የሚገመቱ ሰዎች ገንዘብ ብቻ አላመጣቸውም። የጊዜው አገረ ገዥ በምክር ቤቱ ግቢ መሣሪያ ስለከለከሉ 6,000 ያህሉ ባዶ እጃቸውን ወደ ውስጥ ገቡ፤ ቀሪዎቹ ጠመንጃቸውን አንግበው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ደም ሳይፈስ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ከዘጠና በላይ የቨርጂኒያ ካውንቲዎችና ከተሞችም የሁለተኛው ማሻሻያ መጠጊያ ነን (ማለትም መብቱን የሚጥስ ሕግ አናስፈጽምም) ብለው ወስነዋል። ይህ የሕዝብ እምነት ነው፤ ብንስማማበትም ባንስማማበትም።

ከእምነቱ ባለቤቶች የምጠይቀው ወጥነት ነው። በ1967 ለጥቁሮች መብት የሚታገለው የጥቁር ፓንተር ድርጅት አባላት ታጥቀው የኦክላንድን ፖሊስ መከተል ሲጀምሩ፣ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በአደባባይ መያዝን የሚከለክለውን የካሊፎርኒያ ሕግ የፈረሙት የጊዜው የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ፣ የወግ አጥባቂዎቹ ጀግና ሮናልድ ሬገን ናቸው። ከላስ ቬጋሱ የ2017 እልቂት በኋላም ጠመንጃን በፍጥነት ለማስተኮስ የሚገጠመውን መሣሪያ የከለከለው የፕሬዚዳንት ትራምፕ አስተዳደር ነበር፤ ክልከላውን በ2024 የሻረው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። ትራምፕ ዳግም ሥልጣን በያዙ ማግስት፣ የካቲት 7 ቀን 2025፣ ያለፈው አስተዳደር ያወጣቸው የመሣሪያ ደንቦች እንዲመረመሩ አዘዋል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 4 የፈረሙት ሕግ ደግሞ በድምፅ ማፈኛና በአጭር አፈሙዝ ጠመንጃ ላይ ከ1934 ጀምሮ የቆየውን የ200 ዶላር ቀረጥ ከጥር 2026 ጀምሮ ወደ ዜሮ አውርዷል። ምዝገባው ግን ስላልቀረ ተሟጋቾቹ ድሉን ግማሽ ድል ይሉታል። በእርስዎ ክፍለ ግዛት የጊዜው አገረ ገዥ፣ ሪፐብሊካኑ ያንግኪን፣ በመጋቢት 2024 በአንድ ቀን 30 የመሣሪያ ረቂቅ ሕጎችን ውድቅ አድርገው ነበር፤ በኅዳር 2025 ዴሞክራቷ አቢጌይል ስፓንበርገር አገረ ገዥ ሆነው በመመረጣቸው ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን አዘንብሏል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ጥፋተኛ እሆናለሁ። በ2023 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሞቱት ከ46,000 በላይ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ወደ 27,300 የሚጠጉት፣ ሕይወታቸውን ያጠፉት በራሳቸው እጅ ነው። በማኅበረሰባችን እንዲህ ዓይነት ሞት በስሙ አይጠራም፤ ለቅሶ ቤት ገብተን «ድንገት ነው» ተብሎ ይነገረንና ራሳችንን ነቅንቀን እንወጣለን። የሬዲዮ ተንታኞቹ ስለ ሌባና ስለ ወንበዴ ሲያወሩ ስለዚህ ዝም ማለታቸው ያሳዝነኛል። ቤትዎ ውስጥ በጭንቀት የሚሰቃይ ሰው ካለ፣ መብትዎ ባለበት ሆኖ፣ ሽጉጡ ለጊዜው ከቤቱ ይውጣ።

ወደ ግል ጥያቄዎ ልመለስ። በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋ መሣሪያ መግዛት ይችላል፤ በጎብኝና በተማሪ ቪዛ ያለ ግን በአብዛኛው አይችልም፣ ሰነድ የሌለውም ፈጽሞ አይችልም። ሽጉጥ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ሻጩ ቅጽ 4473 የሚባለውን ወረቀት ያቀርብልዎታል፤ ዜግነትዎን ይጠይቃል፣ በግሪን ካርድዎ ላይ ያለውን ቁጥር ይጠይቃል፣ ማሪዋና ይጠቀሙ እንደሆነም ይጠይቃል። አንድ ወዳጄን አጅቤ ሄጄ ይህን ጥያቄ ሲያነብ፣ «እዚህ ተፈቅዶ የለ እንዴ?» ብሎ ብዕሩን አነሣ። ክፍለ ግዛቱ ቢፈቅድም የፌዴራል ሕግ እንደማይፈቅድ እዚያው ቅጹ ላይ ተጽፏል። በዚህ ቅጽ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ለጓደኛ ወይም ለዘመድ ብለው በራስዎ ስም መግዛትም እንዲሁ፤ እኛ ዘንድ ውለታ የሚባለው እዚህ ወህኒ ያስገባል።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ ድልድዩ ነው። ከአሌክሳንድሪያ የዊልሰንን ድልድይ ተሻግረው ሜሪላንድ፣ በሌላው መንገድ ደግሞ ዲሲ ለመድረስ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደብቆ ለመታጠቅ የሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ የሚሰጠውን ፈቃድ ቢያወጡም፣ ሜሪላንድም ዲሲም አያውቁትም። ሱቅ ዘግተው ሽጉጡን ከመቀመጫዎ ሥር ረስተው ድልድዩን ቢሻገሩ፣ ለአንድ ዜጋ ክስ የሆነው ለእርስዎ ከዚያ ይከብዳል፤ በጦር መሣሪያ ጥፋት የተፈረደበት ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአገር ሊባረር ይችላልና። ስለዚህ ዜግነትዎን እስኪያገኙ ድረስ፣ ከገዙም፣ ሽጉጡ ከሱቁ ካዝና ባይወጣ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከቨርጂኒያ በየበዓሉ ሲመጣ ሽጉጡን ይዞ ነው የሚመጣው። የስድስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አሉኝ። ስነግረው «ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ነው» ይለኛል። ላስቀይመው አልፈልግም።
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለተኛው ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ የእርስዎን የቤት በር አያስከፍትም። በግል ቤቱ ማን ምን ይዞ እንዲገባ የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ ለባለ ንብረት መብት ወግ አጥባቂዎቹ ራሳቸው ከማንም በላይ ይከራከራሉ። ወንድምዎ ሬዲዮውን የሚሰማ ከሆነ ይህን አይክድም።

በሕጉም በኩል እሱ ነው ለአደጋ የተጋለጠው። የሜሪላንድ የመታጠቂያ ፈቃድ ከሌለው ሽጉጡን ታጥቆ በሲልቨር ስፕሪንግ መንገድ መሄድ አይችልም። የፌዴራል ሕግ መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ ከሚያዝበት ወደዚያው ዓይነት ቦታ ለሚያልፍ መንገደኛ ከለላ ይሰጣል፤ ለዚያውም ጥይቱ ወጥቶ፣ ሽጉጡና ጥይቱ ከመኪናው ኋላ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ተቆልፈው ሲሄዱ ነው። በተጨማሪም የሜሪላንድ ሕግ አዋቂ የማይከታተለው ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መሣሪያ መተውን ያስቀጣል። ቦርሳው ውስጥ አድርጎ አልጋ ላይ መወርወር፣ ወይም ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ትቶ ለምሳ መቀመጥ፣ ከዚሁ ይቆጠራል። የስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ የአጎቱን ካፖርት ኪስ ከረሜላ ፍለጋ ይፈትሻል።

ስለዚህ በበዓሉ ቀን፣ እንግዳ በተሰበሰበበት ሳይሆን፣ ከመምጣቱ በፊት በስልክ ይንገሩት። «መብትህን አልነካሁም፤ ልጆቼ ባሉበት ቤት ግን ሽጉጡ አይገባም፤ ቨርጂኒያ ቤትህ ቆልፈህበት ና» ይበሉት።