የፎቶ ጥያቄና መልስ፦ «ያምራል» ለሰለቻችሁ

ጥያቄ፦ ፎቶዎቼን ለጓደኞቼ ሳሳይ ሁሉም «ያምራል» ብለው ያልፋሉ። ከዚህ ምን ልማር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ምንም። ጥፋቱ ግን የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ «እንዴት ነው?» የተባለ ጨዋ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? ይልቅ «ዓይንህ መጀመሪያ ያረፈው የት ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። አያትዎን አንስተው ሰው ሁሉ ከኋላቸው ያለውን ቢጫ ጀሪካን ከጠቀሰ፣ ፎቶው የት ላይ መቆረጥ እንዳለበት ባለሙያ ሳያማክሩ አወቁ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጎንደር ለጥምቀት ያነሳሁት ፎቶ ላይ ነጠላው ነጭ ብቻ ሆኖ ጥለቱ ጠፋ። አንድ ባለሙያ «ብርሃኑን ቀንሰው» አለኝ፤ ብቀንሰው ግራጫ ሆነ።

መልስ፦ ምክሩ ጥሩ ነው፤ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። ከተቃጠለ ነጭ፣ ማለትም ብርሃን በዝቶበት ዝርዝሩ ከጠፋ ቦታ፣ የሚመለስ ነገር የለም። ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) ለእያንዳንዱ ቀለም የሚይዘው 256 የብርሃን ደረጃ ሲሆን ባለ 14 ቢት ሮው ፋይል (ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን ሳያቀናብር የሚያስቀምጥበት) 16,384 ይይዛል፤ ካሜራዎ ሮው ካለው ይጠቀሙበት። እርሱም ቢሆን ጨርሶ የተቃጠለውን አያድንም። በስልክ ሲያነሱ ጣትዎን ነጠላው ላይ ያሳርፉና ብዙ ስልኮች ላይ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ይሳቡ። ፊቶቹ ቢጨልሙ አይደንግጡ፤ ጥላውን በኋላ እንደ ስናፕሲድ ወይም ላይትሩም ባሉ የፎቶ ማረሚያ መተግበሪያዎች ማብራት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የሠርግ ፎቶ አሳምራለሁ። ሙሽሮች «ፊቴን ቀላ አድርግልኝ» ይሉኛል። ልታዘዝ?

መልስ፦ መጀመሪያ ቅሬታው ከየት እንደመጣ ይመርምሩ። ነጭ ቬሎ ፎቶውን ሲሞላው ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ የሙሽሪት ፊት ከእውነተኛ መልኳ በታች ይጠቁራል። ስለዚህ ፊቷ ላይ ብርሃን ይጨምሩ፤ ቀለሟን አይንኩ። ፊትን ብቻ አንጥተው አንገትንና እጅን የሚተዉ አርታኢዎች አንዲትን ሴት ከሁለት ሰው የተገጣጠመች ያስመስሏታል፤ እኔ በበኩሌ ይህን ሥራ አልወደውም። ብርሃን የጨመሩበትንና ፊቱ የነጣውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገው ያሳዩ፤ ብዙዎቹ ጠይም ሆና የምታበራዋን ይመርጣሉ።

ጥያቄ፦ አንዱ «ቀለሙ በዝቷል»፣ ሌላው «ደብዝዟል» አለኝ።

መልስ፦ በምን ስክሪን እንዳዩት ጠየቋቸው? የአንዱ ስልክ ብርሃን እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ የሌላው ባትሪ ለመቆጠብ ደብዝዞ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ለአስተያየት በቴሌግራም የምልከው ፎቶ ጥራቱ ይወርዳል።

መልስ፦ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል። እንደ ፋይል ይላኩት።