ሻሲ በሙጫ ይያያዛል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት አለኝ። የእንግሊዙ ሎተስ ኤሊዝ መኪና ሻሲ (መኪናውን የሚሸከመው አጽም) በሙጫ ነው የተያያዘው ይባላል። ለምን አልበየዱትም? እኔስ አሉሚኒየም እንዲህ ማያያዝ እችላለሁ?

መልስ፦ እውነት ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ገበያ የገባው ኤሊዝ ሻሲው 68 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። የብየዳ ሙቀት አሉሚኒየሙን ስለሚያለሰልሰው ወፍራም ፕሮፋይል ያስፈልጋል፤ ክብደት ይጨምራል። በኢፖክሲ (ጠንካራ የሙጫ ዓይነት) ሲያያዝ ግን ስሱ ይበቃል። ሙጫ በጎን የሚገፋ ኃይልን በደንብ ይችላል፤ ከጫፍ የሚልጠው ያሸንፈዋል። መጋጠሚያዎቹ ላይ ቪቴ የጨመሩት ለዚህ ነው።

ሲሞክሩ በአሴቶን ያጽዱ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፣ ደግመው ያጽዱና ሳይውል ሳያድር ይለጥፉ። የጣት ቅባት እንኳ ያስለቅቀዋል። ደሴ ላይ ከሠሩ ብርዱ መድረቁን ያዘገየዋል፣ ማሰሪያውን ቶሎ አይፍቱት። ለዕቃ መደርደሪያ ይሁን፤ ሰው ለሚጭን ሻሲ ግን አይሞክሩት፣ ፋብሪካው አኖዳይዝ አድርጎ (የአሉሚኒየሙን ገጽ በኤሌክትሪክ አጠንክሮ) ሙጫውን በምድጃ ነው የሚያደርቀው።