ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ለላቦራቶሪ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ባዮቴክኖሎጂና ላቦራቶሪ የምትማሩ ወጣቶች ስለ አዲሱ የጉልበት መርፌ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጂን የገባበት ህዋስ ይወጋል፣ ያረጀው መገጣጠሚያ ይታደሳል ይባላል። እውነት ነው ወይ? ዕድሜዬን ላቦራቶሪ ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ከኮሪያ ታሪክ ልጀምርላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦስቲዮአርትራይቲስ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ሲይዝ በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ልም አጥንት እየሳሳ ይሄዳል። ልም አጥንት የደም ስር ስለሌለው ራሱን መጠገን ይከብደዋል። ያሉን መድኃኒቶች ሕመም ያስታግሳሉ እንጂ የሳሳውን አይመልሱም። ለዚህ ነው በ2017 ደቡብ ኮሪያ ኢንቮሳ የተባለውን የኮሎን ኩባንያ መርፌ ስትፈቅድ ብዙ ሰው ተስፋ ያደረገው።

አሠራሩ በእውነት ያምራል። መርፌው ሁለት ዓይነት ህዋስ አለው። አንዱ ትርፍ ጣቷ በቀዶ ጥገና ከተወገደላት ሕፃን የተወሰደ የልም አጥንት ህዋስ ነው። ሁለተኛው ቲጂኤፍ-ቤታ 1 የሚባል የእድገት ፕሮቲን እንዲያመርት ጂን የገባበት ነው። እንዳይራባ በጨረር ይመታል። ጉልበት ውስጥ ገብቶ ለጥቂት ጊዜ ፕሮቲኑን ያመርትና ይሞታል።

ወረቀቱ ላይ ሁለተኛውም የልም አጥንት ህዋስ ተብሎ ነበር የተመዘገበው። በ2019 ግን የዲኤንኤ ማንነት ምርመራ ተሠራለት። የኩላሊት ህዋስ ሆኖ ተገኘ! በ1973 ኔዘርላንድስ ውስጥ ከፅንስ ኩላሊት የተገኘው 293 የሚባለው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ እየተራባ የሚኖር የህዋስ ዘር ነው። ጂኑን ወደ ህዋሱ የሚያስገባው ቫይረስ ነው፤ ያን ቫይረስ ለማምረት ይህ ዘር ያገለግላል። ከዚያ ተሻግሮ ቦታውን ይዞ ኖሯል። ይህ ዘር ደግሞ የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ አይጦች ላይ ዕጢ ማብቀል እንደሚችል የታወቀ ነው። ጨረሩ ባይኖር ምን ሊመጣ እንደሚችል አስቡት።

ሽያጩ ወዲያው ቆመ፤ በዚያው ዓመት ፈቃዱ ተሰረዘ። መርፌውን የወሰዱት ከ3,000 በላይ ሰዎች ነበሩ። ለ15 ዓመት ክትትል እንዲደረግላቸው ተወሰነ። አሜሪካም እዚያ ይካሄድ የነበረውን የዚሁ መርፌ ሙከራ አስቁማ በ2020 እንዲቀጥል ፈቀደች። ኩባንያው «ስሙ ነው የተሳሳተው፣ ህዋሱ ከመጀመሪያው ያው ነው» አለ። እኔ ይህን መከራከሪያ አልቀበልም። በሽተኛው የፈረመው ወረቀቱ ላይ ለተጻፈው ህዋስ ነው።

የሚያንገበግበኝ ምርመራው ቀላል መሆኑ ነው። የአባትነት ምርመራ የሚሠራበት ያው ዘዴ ነው። ዲኤንኤ ላይ የሚደጋገሙ አጫጭር ክፍሎችን ቆጥሮ ያወዳድራል፣ አለቀ። ግን መርፌው ሲፈቀድ ውጤቱን ለፈቃድ ሰጪው ያቀረበ አልተገኘም።

እሺ፣ ህዋሱ ትክክለኛው ቢሆንስ? ያኔ ደግሞ ከምን ጋር ተወዳደረ ብላችሁ ጠይቁ። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በ475 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከመቅኒ፣ ከስብና ከእትብት የተወሰዱ፣ ስቴም ሴል እየተባሉ የሚወጉ ህዋሳት ከተለመደው የኮርቲዞን መርፌ ጋር ተወዳደሩ። ከዓመት በኋላ አንዳቸውም ከኮርቲዞኑ አልበለጡም። በሌሎች ጥናቶችማ ጨው ውኃ ብቻ የተወጋ ሰውም ሕመሙ ቀለል ይለዋል። ስለዚህ «ተወጋሁና ተሻለኝ» የሚል ቪዲዮ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ይህን የምላችሁ ቤት ውስጥ የምትጠየቁት እናንተ ስለሆናችሁ ነው። እናት ጉልበታቸውን ይዘው «ልጄ፣ ውጭ አገር በስቴም ሴል ያድናሉ አሉ፣ መሬቱን እንሽጠው?» ይላሉ። እባካችሁ አታጣድፏቸው። ክሊኒኩ ምን ዓይነት ህዋስ እንደሚወጋ፣ ከማን እንደተወሰደና በየትኛው ጥናት እንደተፈተነ በጽሑፍ ይስጣችሁ። መልስ ከሌለው መሬቱ ይቆይ። እስከዚያ የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያሠሯቸው፤ ክብደታቸው ከበዛ ቀስ ብለው ይቀንሱ። ይህ ሕመም እንደሚያስታግስ በጥናት የታየ ነው።

ምርምሩን ግን አትሽሹት። ልም አጥንትን የሚመልስ ነገር እስካሁን የለንምና ሰው ያስፈልገዋል። አንዳንዶቻችሁ የህዋስ ላቦራቶሪ ለመክፈት ያዘጋጃችሁትን ፕሮፖዛል ትልኩልኛላችሁ፤ እያንዳንዱን አነባለሁ። ማቀዝቀዣው አለ፣ ማይክሮስኮፑ አለ፣ የህዋስ ማንነት ምርመራ የሚል መስመር ግን በጀቱ ውስጥ ፈልጌ አጣለሁ። ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አስገቡና መልሳችሁ ላኩልኝ።