ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የብረት ቱቦ) ከገባ በኋላ መድኃኒት ስለማቆም ለጠየቁት ወንድሜ

«ስቴንት ከገባልኝ አራት ወር ሆነኝ። ደረቴን አያመኝም፤ ደረጃ ስወጣም አልደክምም። በየቀኑ አምስት ዓይነት ክኒን መዋጥ ሰልችቶኛል፤ ባቆምስ?» ብለው የጠየቁትን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እባክዎ፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አንዱንም አያቁሙ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ መድኃኒት የተውኩ ሰው ነኝ።

የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ 160/100 ሆኖ የተገኘው በ44 ዓመቴ ነው። ለሌላ ጉዳይ ሄጄ በአጋጣሚ ተለካሁ እንጂ አንዳች ሕመም አልነበረኝም። መድኃኒቱን ሦስት ወር ወሰድኩ፤ ግፊቱ ወረደ፤ ተውኩት። የወረደው በመድኃኒቱ እንደሆነና ባቆም እንደሚመለስ ነግረውኝ ነበር፤ የማያመኝን ነገር በሽታ ብሎ መቀበል ግን አልዋጥልኝ አለ። ሲጋራም አጨስ ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ ሌሊት ደረቴ ላይ ከባድ ነገር የተጫነ ያህል ተሰማኝ። ውጋት አልነበረም፤ ጭነት ነው። መንጋጋዬንና ግራ ክንዴን ያዘኝ፤ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ጨጓራ ነው፣ ይለፍልኛል ብዬ አራት ሰዓት ያህል ተኛሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም ነበርና፣ የተዘጋው የልብ ደም ቧንቧ ቶሎ ካልተከፈተ የልብ ጡንቻ እየሞተ ይሄዳል፣ የሞተው ደግሞ አይመለስም። በሴቶችና በስኳር ሕሙማን ላይ ምልክቱ ከዚህም የተድበሰበሰ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ማቅለሽለሽ ብቻ ይሆናል። ሐኪሞቹ በእጄ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ቧንቧውን ከፈቱልኝ፤ ስቴንትም አኖሩልኝ።

ያን ጊዜ እኔም ልክ እንደ እርስዎ ችግሩ የተወገደ መሰለኝ። ስቴንት ግን የሚከፍተው አንዲት የጠበበች ቦታን ነው። በሽታው ያለው በቧንቧዎቹ ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ስብ ለዓመታት እየተከማቸ ይቆይና አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ላይ ረግቶ መንገዱን ይዘጋል። ቧንቧውን ገና ብዙ ያላጠበበ፣ ደረጃ ሲወጡ የማያስቸግር ክምችት እንኳ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስቴንቱ ራሱም ባዕድ ብረት ነው፤ የቧንቧው ስስ ሽፋን እስኪያለብሰው ድረስ ደም ሊረጋበት ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉት አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል፣ ወይም በክሎፒዶግሬል ፈንታ የእርሱ ዓይነት ሌላ መድኃኒት፣ አብረው የሚታዘዙት ለዚህ ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶበት ስቴንት ለገባለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ለ12 ወር ይሰጣሉ፤ የመድማት ሥጋት ላለበት ሐኪሙ ጊዜውን ሊያሳጥር ይችላል። አራት ወር ላይ በራስዎ ፈቃድ ማቆም ግን ስቴንቱ በረጋ ደም እንዲዘጋ በር መክፈት ነው። ጥርስ ለማስነቀል እንኳ ቢሆን መጀመሪያ የልብ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

መሰልቸትዎን አልንቅም። ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲን እኔንም ጡንቻዬን ሲያመኝ ልተወው ነበር። ለሐኪሜ ስነግረው ዓይነቱን ቀየረልኝና ሕመሙ ጠፋ። የግፊት መድኃኒቱ ደረቅ ሳል ሲያመጣብኝም እንዲሁ በሌላ ተተካ። ሁለት የግፊት መድኃኒቶችን በአንድ ክኒን ያጣመሩም አሉ፤ ብዛቱ ካስቸገረዎ ይህን ይጠይቁ። እኔ በቀን የተከፋፈለች የክኒን ሣጥን ከያዝኩ ወዲህ መርሳቴ ቀርቷል።

ሲጋራውን ሁለት ጊዜ ሞክሬ ወድቄ በሦስተኛው ተላቀቅኩት፤ ከሁሉም የከበደኝ እርሱ ነው። እርምጃውን በ10 ደቂቃ ጀምሬ በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ አደረስኩት። ግፊቴን ቤት የምለካው አምስት ደቂቃ ዐርፌ፣ ጀርባዬን አስደግፌ፣ ክንዴን በልቤ ትክክል አሳርፌ ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ክኒኖቹን ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ እያንዳንዱ ለምን እንደታዘዘና እስከ መቼ እንደሚወሰድ ያስጽፉ። ወንድምና እህት ካለዎት እነርሱም ግፊታቸውን ይለኩ። የእኔ ታናሽ በ41 ዓመቱ 150/95 ተገኘበት፤ እርሱንም ምንም አያመውም ነበር። አሁን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እየወሰደ ነው።