የሬኔሳንስ ሴሚናር ለተመዘገባችሁ ልጆቼ

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ ጻፈችልኝ። አሜሪካ ኮሌጅ ገብታ የሬኔሳንስ (የአውሮፓ የጥበብ ትንሣኤ ዘመን) ሥነ ጽሑፍ ሴሚናር ጀምራለች። «ጋሼ፣ በየሳምንቱ ሁለት ገጽ እናስገባለን፤ መጨረሻ ላይ ረጅም ፔፐር አለ። እሱ አያስፈራኝም። ግን ክፍል ውስጥ መናገርም ነጥብ አለው። ዝም ብዬ ጥሩ ብጽፍ አይበቃም?» ትላለች።

አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። እዚያው አሜሪካ ሳስተምር ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ልጅ ነበር። ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አይልም። የእንግሊዛዊውን ጸሐፌ ተውኔት የክርስቶፈር ማርሎውን ቴአትር «ዶክተር ፋውስተስ»ን ባነበብንበት ሳምንት፣ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቆ ኮሪደር ላይ መጽሐፉን ከፈተልኝ። ቴአትሩ መጨረሻው ላይ ደርሷል፤ ነፍሱን ለሰይጣን የሸጠው ምሁር ፋውስተስ 1 ሰዓት ብቻ ቀርቶታል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሰይጣናት ሊወስዱት ነው። ልጁ ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ አሳየኝ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት 30 መስመር ገደማ ይወስዳል። ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት 20 ገደማ ላይ ያልቃል። «ጮክ ብዬ ሳነበው ነው የታወቀኝ። መጨረሻው ላይ ጊዜው ይሮጥበታል» አለኝ።

ሊቃውንቱ ይህንን ቀድመው አይተውታል። እሱ ግን ከማንም አልወሰደውም፤ በገዛ ጆሮው ነው የደረሰበት። «ለክፍሉ ንገራቸው» አልኩት። እሺ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጆን ደን ግጥሞች ተሻገርን፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። የተሳትፎ ነጥብ የትምህርት ክፍሉ ደንብ ስለነበር ውጤቱ ወረደ። በኋላ ትምህርቱንም ቀየረ። ነጥቡስ ይሁን። ጠረጴዛውን ከበው የነበሩት ልጆች ያንን ሳይሰሙ መቅረታቸው ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ አይበቃም፣ ልጄ። ሴሚናር አስተማሪ አውርቶ የሚወጣበት ክፍል አይደለም። የሚሠራው እናንተ ይዛችሁ በመጣችሁት ነው።

አሳይመንት በጊዜው አስገቡ ብዬ አልመክርም፤ ታውቁታላችሁ። በሁለቱ ገጽ ላይ ግን ታሪኩን አትተርኩ። አስተማሪው አንብቦታል። አንድ ቦታ ያዙና እሱ ላይ ቆዩ። የዛሬ ልጆች ማጠቃለያውን ከስልክ ላይ ቃርማችሁ በልበ ሙሉነት ትናገራላችሁ፤ ይሄ ያሳዝነኛል። ተናገሩ እያልኩም ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር ከእንደዚህ ዓይነቱ ተናጋሪ ዝም ያለው ልጅ ይሻለኛል።

ለረጅሙ ፔፐር ደግሞ የትኛውን እትም እንዳነበባችሁ እወቁ። «ፋውስተስ» እ.ኤ.አ. በ1604 እና በ1616 በሁለት መልክ ታትሟል። ማርሎው የሞተው በ1593 ነው፤ ሁለቱንም አላያቸውም። የቴአትር ነጋዴው ፊሊፕ ሄንስሎው በ1602 በዚሁ ቴአትር ላይ ለጨመሩ ሁለት ጸሐፊዎች 4 ፓውንድ መክፈሉን በሂሳብ መዝገቡ ጽፎታል። ያ መዝገብ እስከ ዛሬ አለ፤ እኔ እንዲህ ያለ መዝገብ ሳነብ ይመሻል። በ1616ቱ እትም በቴአትሩ ያሉት ተማሪዎች መጥተው የፋውስተስን የተቆራረጠ አካል ያገኛሉ። በ1604ቱ ይህ ትዕይንት የለም። ይህች ልዩነት ብቻ አንድ ሙሉ ፔፐር ታጽፋለች።

አንቺ ደግሞ የሚቀጥለው ክፍል ላይ ገጹን ክፈቺና «እዚህ ጋ አንድ ነገር አየሁ፤ ገና አልገባኝም» በይ። ለመጀመሪያ ቀን ይሄ ይበቃል። ሌሎቹ ይቀጥሉልሻል።